የሟች ጓደኛችንን ማስታወሻዎች በጣና ዳር እርጥበት እንዴት እናቆያቸው?

ጠያቂ፦ የሽምብጥ ልጅ

ጤና ይስጥልን። በሞት የተለየችን ጓደኛችን የተወቻቸው ጥቂት ዕቃዎች በእኛ በጓደኞቿ እጅ ስለሚገኙ፣ በአያያዛቸው ላይ ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንድትለግሱን በትሕትና እጠይቃለሁ። ጓደኛችን መምህርት ነበረች። በተማሪነታችን ዘመን አራት ሆነን ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይተን ኖረናል፤ ከተመረቅን በኋላ ሥራ ቢበታትነንም ለጥምቀት ሳንገናኝ የቀረንበት ዓመት ጥቂት ነው። ትዳር አልያዘችም፣ ልጅም አልወለደችም። አባቷ ቀደም ብለው ያረፉ ሲሆን፣ እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናቷ በሕይወት አሉ፤ አንድ ታናሽ ወንድሟም በውጭ አገር ይኖራል። የሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ እትዬ ጠርተውን «እኔ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ከቤት ላውጣው ብልም አልሆነልኝም፤ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብለው የእንጨት ሣጥኗን ከነዕቃው አስረከቡን።

በሣጥኑ ውስጥ ጥጡን እትዬ ራሳቸው ፈትለው ያሠሩላት ጋቢ፣ ከአንገቷ የማይለይ የነበረው የብር መስቀል፣ በሙዳይ የታጨቁ ፎቶግራፎች፣ ከተማሪ ቤት ጀምሮ የጻፈችባቸው ደብተሮች፣ የመጨረሻው የእጅ ስልኳ፣ እንዲሁም ለወንድሟ በድምፅ የቀዳቻቸው የካሴት ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ካሴቶቹ ወደ ውጭ አገር ስልክ መደወል እጅግ ውድ በነበረበት ጊዜ ለመንገደኛ እየተሰጡ የሚላኩ ዓይነት ናቸው፤ እነዚህ ግን ሳይላኩ የቀሩ ይመስለኛል። ከፎቶግራፎቹም አንዱ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ገና ሙሉ በነበረበት ዘመን አራታችን አብረን የተነሣነው፣ ከክፈፉ መስተዋት ጋር ተጣብቋል።

ሣጥኑ አሁን ያለው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር፣ እኔ ቤት ነው። ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ በመሆኑ በሐምሌና በነሐሴ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ የቆዳ ጫማ እንኳ ሻጋታ ያበቅላል፤ ስለዚህ ከሚመጣው ክረምት በፊት አንድ ነገር ማድረግ ይገባናል። ጋቢውን ጠረኗ ስላለበት እስካሁን አላጠብነውም፤ ከመካከላችን አንዷ ሳይታጠብ ይቀመጥ ስትል ሌላዋ ይበላሻል ትላለች። ወንድሟ ደግሞ ካሴቶቹ እንዲላኩለት ጠይቋል። በመጨረሻም፣ ጓደኛችን በሕመሟ ጊዜ መስቀሉ ለክርስትና ልጇ እንዲሰጥ እኔና አንዷ ጓደኛችን አልጋዋ አጠገብ ቆመን ሳለ ነግራናለች፤ ጉዳዩን ለእትዬ ለማንሣት ግን እስካሁን ድፍረቱን አላገኘንም። በዘጌው ገዳም በዑራ ኪዳነ ምሕረት የብራና መጻሕፍቱ ያለ አንዳች ማሽን ይህን ያህል ዘመን መቆየታቸውን ሳስብ፣ የእኛም ሣጥን ዘዴ አይጠፋለትም እላለሁ።


መልስ፦ የዘጌ ቡና

ነፍስ ይማር፤ እናቷንም እናንተንም እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔ በዕድሜ ገፋ ያልሁ በመሆኔ ከልማዱ እጀምራለሁ። በእኛ አካባቢ ብዙው ቤተሰብ ሟች የለበሰውን ልብስ በአርባው ወይም በሰማንያው ለነዳያን ያድላል፤ ይህም ለነፍሱም ለቤተሰቡም ይበጃል ተብሎ ይታመናል። ሌሎች ልብሶቿ አሁንም ተከማችተው እንደሆነ ይሰጡ እንጂ ብል አይብላቸው። ጋቢው ግን የእናት እጅ የፈተለው ስለሆነ ይቀመጥ የሚሉት ይገባኛል። እኔ ብሆን ወይራ አጥኜ፣ በላስቲክ አጥብቄ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥን ላይ አደርገዋለሁ። መስቀሉ በሣጥን ውስጥ ማደሩን ግን አልወደድሁትም፤ መስቀል በአንገት ነው የሚያምረው።


መልስ፦ መዝገብ ቤት

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለብዙ ዓመታት በቤተ መጻሕፍትና በመዝገብ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ፎቶግራፉና ስለ ጨርቁ የማውቀውን ልጻፍልሽ፤ የካሴቱን ነገር ለሚያውቀው ሰው እተወዋለሁ።

በመጀመሪያ አባታችን ከላይ ስለ ላስቲክ በሰጡት ምክር በአክብሮት አልስማማም። በጣና ዳር ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ በመሆኑ፣ በዚያ ወቅት በላስቲክ የታሰረ ጨርቅ ወይም ወረቀት እርጥበቱን ይዞ ይታሰራል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ወደ ጠብታነት ይለወጥና ሻጋታው ከውስጥ ይጀምራል። ሻጋታ በአብዛኛው የሚስፋፋው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 65 እጅ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው። የወይራ ጢስም ለቤትና ለወተት ዕቃ እንጂ ለሚቀመጥ ልብስ አይሆንም፤ ጥላሸቱ በጥጡ ላይ ያርፍና ከጊዜ በኋላ ያጠይመዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ የምትሳሱለትን ጠረን ያጠፋዋል። ናፍታሊን የሚባለውን ነጭ ድቡልቡል መድኃኒት ብዙ ሰው ከልብስ መካከል ይጨምራል፤ እኔ ግን ትነቱ ለጤና የማይበጅና ፕላስቲክንም የሚጎዳ ስለሆነ፣ ፎቶግራፍና ካሴት ባለበት ሣጥን ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

ሁለቱ ጓደኞች ስለ ጋቢው የተከራከሩት ሁለቱም እውነት ይዘው ነው። ብል በተፈጥሮው ሱፍና ሐር የሚበላ ፍጥረት ሲሆን፣ ንጹሕ ጥጥ ብዙም አይማርከውም። የሚስበው በጨርቁ ላይ የቀረው ላብ፣ የራስ ቅቤና የምግብ ፍንጣቂ ነው። ይኸው ቅሪት ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣና ከዚያ ወዲያ በእጥበት አይለቅም። ስለዚህ ጋቢው ለልጅ ልጅ ይድረስ ከተባለ መታጠብ አለበት። ጠረኗን ለማቆየት ግን ሌላ መንገድ አለ፦ በራሷ ላይ ታስረው የነበረችውን ሻሽ ወይም ሌላ ትንሽ ጨርቅ ከልብሶቿ መካከል ፈልጋችሁ፣ ሳታጥቡ፣ አየሩ በደረቀበት ወር፣ እንበል በጥር፣ ክዳኑ በደንብ በሚገጥም ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡ። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ሽታው ስለሚቀንስ አታዘውትሩት። ይህችን ትንሽ ጨርቅ ጊዜ ሊያበላሻት እንደሚችል አውቃችሁ ተቀበሉ፤ በእርሷ መሥዋዕትነት ጋቢው ይተርፋል።

ጋቢው ሲታጠብ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይሁን፤ በረኪና ፈጽሞ አይነካው። ጥለት ካለው፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ ቀለም የሚለቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ፈትኑ። ከውኃው ስታወጡት በጫፉ አንጠልጥላችሁ አትጎትቱት፤ ክብደቱ ድሩን ስለሚለጥጠው ከሥሩ በአንሶላ ደግፋችሁ አውጡትና በጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁት። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ታጥፎ ለብዙ ዓመት ከሚቀመጥ ይልቅ በአቡጀዲው ላይ ቢጠቀለል ይመረጣል፤ ማጠፍ ግድ ከሆነ እጥፋቱን በየዓመቱ ቦታ ለውጡለት፤ አለበለዚያ ጨርቁ በታጠፈበት በኩል ይሳሳል።

ከመስተዋቱ ጋር የተጣበቀውን ፎቶግራፍ በምንም ዓይነት አትሳቡት፣ ውኃም አታስነኩት። በእርጥበት የለሰለሰው የፎቶው ፊት ከመስተዋቱ ጋር አንድ ሆኖ ደርቋልና ሲላቀቅ ምስሉ መስተዋቱ ላይ ይቀራል። ከነመስተዋቱ ስካን ይደረግ፤ ጥራቱ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ከሆነ ለትልቅ ኅትመት ጭምር ይበቃል። ሌሎቹን ፎቶዎች ከሙዳዩ አውጥታችሁ በመካከላቸው ንጹሕ ነጭ ወረቀት እያደረጋችሁ በፖስታ ክተቱ። ባለቀለም ፎቶ ብርሃን ባይነካውም ቀለሙ በዓመታት ውስጥ ስለሚለወጥ፣ ቅጂ በማንሣት በኩል ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ለእርሱ ቅድሚያ ስጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፤ እትዬ በሕይወት ሳሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁና በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ጻፉ። በሥራዬ ካየሁት ጥፋት ሁሉ በሻጋታ ከጠፋው ፎቶ ይልቅ ማንነቱ ሳይጻፍ የቀረው ይበልጣል።

ደብተሮቹን በመስኮት ብርሃን አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ገጽ በገጽ በስልክ ማንሣት ይበቃል። የእስክሪብቶ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል፣ ውኃ ሲያገኘውም ሊፈስ ይችላል። ከደብተሮቹ መካከል የግል ማስታወሻዋ ካለ፣ ቅጂውን ለማንሣት ንባቡ ግድ አይደለም፤ ይነበብ አይነበብ የሚለውን እናቷና ወንድሟ ይወስኑ። ቅጂዎቹ ሦስት ቢሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ በሌላ ከተማ ያለችው ጓደኛችሁ ዘንድ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ፍላሽ ዲስክን ብቻ አምኖ ለዓመታት መተው አደጋ አለው።

የገዳማቱን ምሳሌ ማንሣትሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ነገር ግን ብራና ቆዳ ነው፣ ደብተር ወረቀት ነውና በጥንካሬ አይተካከሉም። ከዚያ መውሰድ የሚቻለው የአቀማመጡ ብልሃት ነው። መጽሐፉ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ በጠፍሩ ከግድግዳው ሲሰቀል ከወለሉ እርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ይርቃል፤ ማኅደሩም እንደ ላስቲክ አያፍነውም። የእናንተም ሣጥን ከወለል ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ከሚመታው የውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ከውስጠኛው ክፍል ይቀመጥ። እንጨት ራሱ ወረቀትን የሚያደርቅና ቢጫ የሚያደርግ አሲድ ስለሚተፋ ውስጡን በአቡጀዲ አልብሱት። በየዓመቱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መርጣችሁ ዕቃውን በጥላ አየር አስነኩት። ለማስታወስ እንዲመች ከኅዳር 12 ጋር አያይዙት እል ነበር፤ በዕለቱ ግን ከተማው ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ስለሚጨስ በፊቱ ያለው ሳምንት ይሻላል።


መልስ፦ ጠበቃ ከጊሽ ዓባይ

ነፍስ ይማር። የተጠየቀው ስለ አያያዝ ቢሆንም መስቀሉና ካሴቶቹ የባለቤትነት ጥያቄ ያለባቸው ስለሆነ ባጭሩ ልግባበት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት፣ ኑዛዜ ሳይኖር ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ወራሾች አባትና እናቱ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ግማሽ ያገኛሉ። አባት ቀድሞ ከሞተ የእርሱን ድርሻ ልጆቹ ይወስዳሉ። ስለዚህ ዕቃው በእናንተ እጅ በአደራ ያለ የእናቷና የወንድሟ ሀብት ነው፤ ወንድሟ ካሴቶቹን መጠየቁም ከስሜት ባሻገር መብቱ ነው።

ስለ መስቀሉ ሕጉ የቃል ኑዛዜን ያውቃል። ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል፤ እርስዎና ጓደኛዎ ደግሞ ሁለት ናችሁ። ሆኖም በቃል የሚሰጥ ስጦታ ዋጋው ከ500 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ይህ ገንዘብ በ1952 ብዙ ነበር፣ ዛሬ ግን የብር መስቀል በቀላሉ ሊያልፈው ይችላል። በመሆኑም በሕጉ ከመከራከር ይልቅ ለእናቷ መንገር ይሻላል። ቃሏን ሰምታችሁ ዝም ማለታችሁ በዘገየ ቁጥር ለምን እንደተደበቀ ማስረዳቱ ይከብዳል። እናት ልጃቸው የተናገረችውን ሰምተው እንቢ የሚሉ አይመስለኝም፤ ከተስማሙና ወንድሟም በስልክ ካወቀ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

አንድ ሌላ ምክር ልጨምር። የዕቃውን ዝርዝር ከፎቶው ጋር በወረቀት አዘጋጁና እናቷም እናንተም ፈርማችሁ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ። ይህን የምለው ስለማትተማመኑ አይደለም። ነገ እርስዎ ቤት ቢቀይሩ ወይም አንዳችሁ አንድ ነገር ብትሆኑ፣ ቀጥሎ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው የማን እንደሆነ የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።


ጠያቂ፦ የሽምብጥ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የመስቀሉን ነገር በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከጓደኛዬ ጋር ሄደን ለእትዬ እንነግራቸዋለን፤ ዝርዝሩንም ይዘን እንሄዳለን። ስለ ሻሿ የተሰጠው ሐሳብ በመካከላችን የነበረውን ክርክር ጨርሶታል። ልንሰጥ ለይተናቸው በነበሩት ልብሶች ውስጥ አንድ አግኝተናል። ካሴቶቹን በተመለከተ፣ በሁለቱ ላይ በካሴቱ መስኮት በኩል ሲታይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ክሩ ላይ አለ። ስልኩም የሚከፈትበትን ቁጥር ወንድሟ ያውቀዋል፤ እኛ ግን እስካሁን አጥፍተን አስቀምጠነዋል።


መልስ፦ ባለ ቴፑ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቴፕ ጥገና ላይ ስለቆየሁ በካሴቱ ልናገር። ነጩ ዱቄት ሻጋታ ሊሆን ስለሚችል እነዚያን ሁለቱን በምንም ቴፕ ላይ እንዳታስገቡ፤ ክሩ ሊበጠስ፣ ሻጋታውም ከቴፑ ራስ፣ ማለትም ክሩን ከሚያነበው ክፍል፣ ወደ ጤነኞቹ ካሴቶች ሊተላለፍ ይችላል። ለየብቻ በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ ከሌሎቹ አርቁና ለባለሙያ ስጡ።

ጤነኞቹን ከማጫወታችሁ በፊት በመጀመሪያ የቀረጻ መከላከያውን ስበሩ። ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒው በኩል፣ በካሴቱ ጀርባ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ፤ እነርሱ ከተሰበሩ ማንም በስሕተት መቅጃውን ቢጫን እንኳ የጓደኛችሁ ድምፅ አይደመሰስም። ቀጥሎ በካሴቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ። 60 የሚለው በያንዳንዱ ገጽ 30 ደቂቃ የሚይዝና ክሩ ወፍራም የሆነ ነው፤ 90 ይሳሳል፤ 120 ከሆነ ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይለጠጣል፣ ቴፑ ውስጥም ይጠመጠማል፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ አታጫውቱት። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ክሩ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ፣ መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ ጥቂት አዙራችሁ ፈትኑት፤ ከተፈታ በኋላ እስከ መጨረሻው አሂዱና መልሱት፤ ከዚያ ነው የሚጫወተው። ቴፑም የሚያነበው ራስና ጎማው በአልኮል የተጸዳ፣ በማታዝኑበት ሌላ ካሴት አስቀድሞ የተሞከረ ይሁን። አሮጌ ቴፕ ክር መብላት ልማዱ ነው።

ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ የሚሄድ ገመድና ኦዳሲቲ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃሉ። ካሴቱ በራሱ ፍጥነት ስለሚገለበጥ የአንድ ሰዓቱ ካሴት ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ፋይል ድምፁ ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት በዌቭ ይቀመጥ፤ በቴሌግራም ለመላክ ከእርሱ ላይ አነስ ያለውን ኤምፒስሪ ማውጣት ትችላላችሁ። ጫጫታ ለማጥፋት ብላችሁ ዋናውን ፋይል አታርሙት። ከበስተጀርባ የሚሰማው የዶሮ ጩኸትና የጎረቤት ድምፅ ሳይቀር ለወንድሟ የዚያ ቤት ድምፅ ነው፤ ይህ እንግዲህ የእኔ አስተያየት ነው።

ስለ ስልኩ ግን አትዘግዩ። ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ያልሰጠ የስልክ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ቴሌግራምም ባለቤቱ ለወራት ካልገባበት በውስጡ ያለውን ሁሉ ራሱ ይሰርዛል። ወንድሟ የመክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ ከሆነ በእርሱ ፈቃድ ከፍታችሁ ፎቶዎቹንና የድምፅ መልእክቶቹን ወደ ኮምፒውተር አውርዱ። ከዚያ በኋላ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ አጥፉትና ከእንጨት ሣጥኑ ውጭ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡት። የተረሳ ባትሪ ሊያብጥ ስለሚችል በየጥቂት ወሩ ጀርባውን እዩት፤ ካበጠ አትሙሉት።


ጠያቂ፦ የሽምብጥ ልጅ

ወንድሟ በጥር ለጥምቀት እመጣለሁ ብሏል። ከተገለበጡ በኋላ ዋናዎቹን ካሴቶች በእጁ ይዟቸው ቢሄድ የአውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ ድምፁን አያጠፋውም ወይ?


መልስ፦ ባለ ቴፑ

አያጠፋውም። የሻንጣ መፈተሻው የሚጠቀምበት ኤክስሬይ የካሴትን ክር አይጎዳም፤ የሚጎዳው ማግኔት ነው። ስለዚህ ከስፒከር አጠገብ ወይም ማግኔት መዝጊያ ባለው ቦርሳ ውስጥ አይሁኑ። ወደ ዕቃ መጫኛ ከሚላክ ሻንጣ ይልቅም በእጅ ቦርሳው ይያዛቸው፤ ሻንጣ ሊጠፋም፣ በመንገድ ፀሐይና ዝናብ ሊመታውም ይችላል። ሻጋታ ያለባቸው ሁለቱ ግን ሳይጸዱና ሳይገለበጡ ከዚህ ባይወጡ ይሻላል። የቆዩ ቴፖች የሚጠግን ሰው ለመፈለግ እስከ ጥር ጊዜ አላችሁ።